ልጆቻችን «ስለምን?» ሲሉ ዝም አናሰኛቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ጥር የዘጠኝ ዓመት ልጄን ይዤ ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ሄጄ ነበር። ከገዳማቱ በአንዱ ጫማችንን አውልቀን የመቅደሱን ግድግዳ እየዞርን ስናይ፣ ልጄ መልካቸውም ጺማቸውም አንድ ዓይነት ሆኖ ከተሣሉት ሦስት አረጋውያን ፊት ቆማ «አባዬ፣ እግዚአብሔር አንድ ከሆነ ስለምን ሦስት አድርገው ሣሉት?» አለችኝ። እኔም አባቴ ያደርገኝ እንደነበረው «ዝም በይ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም» አልኳት። አጠገባችን የነበሩ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ግን «ተዋት እንጂ፣ ደግ ጠየቀች» ብለው እጇን ይዘው ወደ በሩ ወሰዷትና፣ ፀሐይ ክበብ፣ ብርሃንና ሙቀት እንዳላት፣ በዚህም ሦስት ፀሐይ እንደማትባል አስረዷት።

ያን ዕለት ያፈርኩት በራሴ ነው። ጥያቄን እንደ ድፍረት መቁጠር ከአባቶች የወረስነው ይመስለናል እንጂ የእነርሱ ልማድ አይደለም። የአንድምታ ትርጓሜን፣ ማለትም የቅዱሳት መጻሕፍትን ባህላዊ ማብራሪያ፣ የሰማ ሰው እንደሚያውቀው መምህሩ ንባቡን ካወረደ በኋላ ጥያቄውን ራሱ ያነሣል፤ ጌታ በ30 ዘመኑ የተጠመቀው ስለምን ነው ቢሉ፣ አዳም የ30 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ተፈጥሮ ያጣውን የእግዚአብሔር ልጅነት ሊመልስለት ነው እያለ ይሄዳል። ይህ «ስለምን ቢሉ» የሚለው አነጋገር ዕቅበተ እምነት፣ እምነትን በመልስ መጠበቅ፣ ካልሆነ ሌላ ምን ይባላል? በዚሁ በጣና ዳር፣ በጎርጎራ፣ ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ መምህራን ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ተወዳጅተው በተቀመጡበት ዘመንም የእኛ ሊቃውንት ስለ ባሕርየ ክርስቶስ፣ ማለትም አምላክነቱና ሰውነቱ እንዴት አንድ እንደሆኑ፣ ተከራክረዋል፤ የካቶሊክን እምነት የተቀበለው ንጉሥ በ1624 ዓ.ም. የቀደመው የኦርቶዶክስ ሃይማኖት እንዲመለስ እስኪያውጅ ድረስ በየገጠሩ ደም መፍሰሱ ሳይዘነጋ።

ልጄ በምትማርበት ሰንበት ትምህርት ቤት ግን የእሑዱ ጊዜ በአብዛኛው በመዝሙር ልምምድ ያልቃል። መዝሙሩን አልነቅፍም፤ እኔም ያደግሁበት ነው። ነገር ግን ልጆቹ አምስቱን አዕማደ ምሥጢር፣ የሃይማኖታችንን ዋና ዋና ትምህርቶች፣ በቃል ደርድሩ ሲባሉ እንደ ውኃ ያፈስሷቸዋል፤ ከእነዚህ አንዱ የሆነው፣ ስለ አምላክ ሰው መሆን የሚያስተምረው ምሥጢረ ሥጋዌ ምን ማለት ነው ሲባሉ እርስ በርስ ይተያያሉ። ነገ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የመኝታ ክፍል ጓደኛቸው ሲጠይቃቸው፣ ወይም ዛሬ በስልካቸው የሚያዩት ተከራካሪ ሲሳለቅባቸው፣ በቃል የያዙት ዝርዝር አይበቃቸውም። ያ የስልክ ክርክር ደግሞ ለራሱ ሌላ መዘዝ አለው፤ ልጆቹ ከመልሱ ይልቅ ስድቡን ይለምዳሉ። ሐዋርያው ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን መልስ እንድናዘጋጅ ሲያዝ በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን ማለቱን እናስታውስ፤ ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም ጎረቤታችን ነውና።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከመዝሙሩ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ለልጆች ጥያቄ ይተው፤ ያልገባውን «አላውቅም፣ ሊቃውንቱን ጠይቄ በሚቀጥለው እሑድ እነግራችኋለሁ» ለማለት የማያፍር መምህርም ይመደብላቸው።

ከዘጌ ስንመለስ ጀልባው ላይ ፀሐይዋ ወደ ጣና ስትጠልቅ ልጄ «አባዬ፣ አሁንስ ብርሃኑ ወዴት ሄደ?» ብላኛለች። መምህሯን እንድትጠይቅ ነገርኳት፤ እስካሁን ግን ለመጠየቅ ተራ አላገኘችም።

አንድ ወላጅ
ከባሕር ዳር