ለቁጥር 27 እና ለሌሎቹ ሁሉ፦ የምስጋና መልእክት

ውድ ወዳጆቻችን፣

አባታችን በግላውኮማ ሕመም ምክንያት ብርሃናቸውን ካጡ በኋላ በየምሽቱ ስልክ እየደወላችሁ የፈረንሳዊውን ደራሲ የአሌክሳንደር ዱማን ልብ ወለድ «የሞንቴ ክሪስቶው ኮንት» ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው ላነበባችሁላቸው ሰባት ሰዎች፣ እንዲሁም በዚሁ መጽሐፍ ሰበብ ወደ ፈረንሳይዋ የወደብ ከተማ ማርሴይ ባደረግነው የቤተሰብ ጉዞ ላይ ለደረሱልን ሁሉ ምስጋናችንን በይፋ ማቅረብ እንወዳለን። ስማችን አይጠራ ያላችሁትን አክብረናል።

እኛ ልጆቻቸው ይህን ልብ ወለድ ከገጹ ሳይሆን ከአባታችን አፍ ነው የተማርነው። ሲተርኩልን ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከደራሲው ነበር፤ የዱማ አያት በዛሬዋ ሃይቲ በባርነት ይኖሩ የነበሩ ጥቁር ሴት እንደነበሩ ሳይነግሩን ወደ ታሪኩ አይገቡም። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ በመጀመሪያ ጋዜጣ ተዉ፣ ቀጥሎም መጽሐፍ ተዉ፣ በመጨረሻም ስለ መጽሐፍ ማውራቱን ራሱ ተዉት። እኛን ያስደነገጠን ይህ የመጨረሻው ነው።

መጽሐፉ 117 ምዕራፎች አሉት። እናንተ በእንግሊዝኛ የታተመውን ቅጂ ይዛችሁ፣ እያነበባችሁ ወዲያውኑ ወደ አማርኛ እየመለሳችሁ፣ በአንድ ምሽት አንድ ምዕራፍ ትሉ ነበር። ደራሲው ሥራውን እ.ኤ.አ. ከ1844 እስከ 1846 በጋዜጣ በተከታታይ ያወጣው ስለነበር ብዙው ምዕራፍ ልብ አንጠልጥሎ ነው የሚያበቃው፤ በዚህም የተነሳ «እዚህ ላይማ አይቆምም!» የሚለውን የአባታችንን ሙግት በየማታው መቻል ነበረባችሁ። ማርሴይ ፊት ለፊት ባለው የሻቶ ዲፍ ደሴት ወህኒ ቤት የታሰረው ዋናው ባለታሪክ ኤድሞን ዳንቴስ ቁጥር 34፣ እዚያው የታሰሩት መምህሩ ሽማግሌው አባ ፋሪያ ደግሞ ቁጥር 27 ተብለው እንደሚጠሩ ያነበባችሁ ምሽት ካለፈ በኋላ አባታችን ስልኩን ሲያነሱ «አቤት» ማለት ትተው «ቁጥር 34 ነኝ» ማለት ጀመሩ። ከወዲያ «ቁጥር 27 ነኝ» የሚል መልስ ሲመጣ የሚስቁትን ሳቅ ከሌላው ክፍል ሆነን እንሰማው ነበር። እውነቱን ለመናገር መካከሉ ላይ ያሉት የፓሪስ ሳሎኖች ወሬ የበዛባቸው ምዕራፎች ያሰለቻሉ፤ ዕጣው የወጣባችሁ ሁለታችሁ እጥፍ ምስጋና ይገባችኋል።

መጽሐፉ ባለቀ በወሩ ሦስት ትውልድ ሆነን ተጓዝን። ከማርሴይ አሮጌ ወደብ እስከ ሻቶ ዲፍ ደሴት በጀልባ ሃያ ደቂቃ ያህል ነው፤ ሆኖም ሚስትራል የሚባለው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ በተነሣ ጊዜ ጀልባ ከደሴቱ መጠጋት ስለማይችል የመጀመሪያው ቀን ሙከራችን ከንቱ ሆነ። በማግስቱ ደረስን፤ ነገር ግን ጉዞውን ያዘጋጀልን ድርጅት «ደረጃ የለውም» ያለን ቦታ ከመውረጃው ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሆኖ አገኘነው፣ አባታችንም ገና በአራተኛው ላይ ተንሸራትተው ቁርጭምጭሚታቸው ዞረ። በዚያች ቅጽበት ሳንጠራቸው የመጡት ሁለት የጀልባዋ ሠራተኞች እጅ ለእጅ ተያይዘው ወንበር በመሥራት ተሸክመው አወጧቸው። አንዲት የማናውቃት ተጓዥም ሻርፗን ከአንገቷ ፈትታ እግራቸውን አሰረችላቸው፤ ልንመልስላት ብንፈልጋትም ከሰው መካከል አጣናት። ሰማያዊ ሻርፕ ነው፣ እኛ ዘንድ ነው።

የሻቶ ዲፍ ምሽግ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ በንጉሥ ፍራንሷ ቀዳማዊ ትእዛዝ ተሠርቶ ኋላ ወህኒ ቤት የሆነ ነው። ዳንቴስ በደራሲው ምናብ እንጂ በምድር ያልኖረ ሰው ቢሆንም በስሙ የሚጠራ ክፍል አለው፣ ግድግዳውም ላይ በልብ ወለዱ አባ ፋሪያ ቆፍረው ወደ ዳንቴስ ክፍል የገቡበትን የሚያስታውስ ቀዳዳ ይታያል። አባታችን ግድግዳውን እየዳሰሱ ሄደው ቀዳዳውን በጣታቸው አገኙት፤ ክንዳቸውን እስከ ክርኑ አስገብተው ጥቂት ከቆዩ በኋላ «ጠባብ ነው፤ ሽማግሌው በዚህ አያልፍም» አሉ። የአሥራ አንድ ዓመቷ የልጅ ልጃቸው «አባባ፣ በእስር ቤት ከስቶ ነበር እኮ» ስትላቸው ክርክሩን ተሸነፉ።

ከዚያ ወጥተን ባሕሩን ቁልቁል ከሚያሳየው ግንብ ሥር አስቀመጥናቸው። ልጅቷም ዳንቴስ በሟቹ መምህሩ ከፈን ውስጥ ተሰፍቶ፣ የመድፍ አረር ከእግሩ ታስሮ ወደ ባሕር የሚወረወርበትን ሃያኛውን ምዕራፍ እየተንተባተበች አነበበችላቸው። ውሃው ቋጥኙን ሲመታ ይሰማል። አባታችን ከተማው ምን ያህል እንደሚርቅ ጠየቁ፤ እሷም በኮረብታው አናት ላይ ያለው የኖትር ዳም ደ ላ ጋርድ ቤተ ክርስቲያን እንኳ በደንብ እንደሚታይ ነገረቻቸው። ስልኩን አምጡልኝ ያሉት ያን ጊዜ ነው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በሥራ መካከል ሳለህ የተደወለልህ ወዳጃችን፣ የነፋሱ ድምፅ አላሰማ ብሎህ ከሆነ አባታችን ያሉህ እንዲህ ነበር፦ «ቁጥር 34 ነኝ። የምደውልልህ ከወጣሁ በኋላ ነው።»

እግራቸው ድኗል። መጽሐፉን ከመጀመሪያው ምዕራፍ እንደገና እንድታነቡላቸው ጠይቀዋል፣ የልጅ ልጃቸውም ስምንተኛ አንባቢ ሆና ተመዝግባለች፤ የፓሪሱን ምዕራፎች ግን በዚህኛው ዙር በየተራ እንከፋፈላለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ልጆቻቸውና የልጅ ልጃቸው