ስለ አዲሱ ተሳቢና ስለ ዋጋው ለደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ በስልክም በአካልም ቅሬታችሁን ነግራችሁናል። «ባለ ነጠላ አክሰሉን የከብት ተሳቢ ለምን ተዋችሁት? ከእንግዲህ ለሀብታም ብቻ ልትሠሩ ነው?» ያላችሁን አላችሁ። አንድ የቆዩ ደንበኛችን ደግሞ የቀረበላቸውን ሻይ ሳይጠጡ ተነሥተው ሄዱ። ከሁሉም የከበደኝ ይኼ ነው። ለደረሰባችሁ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን አይቀየርም፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ከአሁን በኋላ ፍሬን የሌለው ባለ ነጠላ አክሰል የከብት ተሳቢ አንሠራም። አክሰል ማለት የግራና የቀኝ ጎማውን የሚያያይዘው ዘንግ ነው። የምንሠራው ባለ ሁለት አክሰል፣ የራሱ ፍሬን ያለው ነው። ዋጋው ከድሮው ይበልጣል፤ አልደብቅም።

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ቆላ የወረደ ሰው ነገሩ ይገባዋል። መንገዱ የሚያቋርጠው የጣርማበር ተራራ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። ተሳቢው ፍሬን ከሌለው በዚያ ሁሉ ቁልቁለት የሚይዘው የመኪናችሁ ፍሬን ብቻ ነው። የመንዝ በግ ቀላል ነው ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ግን 20 በግ እያንዳንዱን 30 ኪሎ ብንለው፣ ብረቱን ሳንቆጥር 600 ኪሎ መጣ። ሁለት የደለቡ ሰንጋዎች ከሆኑማ ከነተሳቢው ከአንድ ቶን ያልፋል። አውሮፓ ውስጥ ጠቅላላ ክብደቱ ከ750 ኪሎ ለበለጠ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ግዴታ ነው። ያውም ጣርማበርን ሳያዩት!

ደግሞም ከብት እንደ ጤፍ ጆንያ ተጭኖ አይቀመጥም። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ በጎቹ እየተንሸራተቱ ወደ ፊት ይከመራሉ። ዳገት ሲሆን ወደ ኋላ። ክብደቱ ወደ ኋላ ሲያደላ የመኪናው የኋላ ጎማ ይቀላል፣ ተሳቢው መወዛወዝ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ መሪውን መያዝ ከባድ ነው። ለዚህ ነው መሐል ላይ መከፋፈያ በር የምናስገባው። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ተሳቢውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው መጎተቻ ላይ ማረፍ አለበት። ነጠላ አክሰል ላይ ጎማ ቢፈነዳ ምን እንደሚመጣ ታውቁታላችሁ። ሁለት አክሰል ከሆነ ቀሪው ጎማ ዳር ይዛችሁ እስክትቆሙ ይሸከምላችኋል።

ሁለተኛው ቅሬታ ከቤተሰብ ጋር ከምትጓዙት ነው የመጣው። ቅዳሜ በግ ጭኖ ገበያ፤ በሳምንቱ ያንኑ ተሳቢ አጥቦ ልጆቹን ይዞ ወደ መንዝ ጓሳ ደጋ፣ ወይም ፍራሽና ድንኳን ጭኖ ጻድቃኔ ማርያም። ሐሳቡን አልነቅፍም። ሁለት ተሳቢ የሚገዛ ስንቱ ነው? «ታጣፊ አልጋ በየድልን» ስትሉን እምቢ ያልነው ግን በንቀት አይደለም። ለጥገና የሚመጡልንን ወለሎች ብታዩ! ጣውላውን ስናነሣ ከሥሩ ያለው ላሜራ በሽንት ተበልቶ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላጣል። ሽታው በአንድ ባልዲ ውሃ አይለቅም። ከበግና ከፍየል ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታም አለ። በዚያ ላይ ከብት አየር ይፈልጋል፣ ጎኑ ክፍት መሆን አለበት። ጓሳ ላይ የሚያድር ሰው ደግሞ የዚያን ብርድ ፈርቶ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል። ሁለቱን እንዴት ላስታርቃቸው?

ስለዚህ ተሳቢው ዕቃ ይሸከም፣ ሰው ድንኳኑ ውስጥ ይደር። ተነሥቶ የሚታጠብ የጎማ ምንጣፍና ጎኑን የሚሸፍን ሸራ አብረን እንሰጣለን። የውሃ ጀሪካን ከአክሰሉ ትንሽ ፊት ይቀመጥ፤ ጭራው ላይ አትከምሩት። ከብት የማትጭኑ ከሆነ ትንሿን ባለ ነጠላ አክሰል ለቀላል ዕቃ ዛሬም እንሠራለን። እሷ ትበቃችኋለች፤ ትልቁን ግዙ አልልም።

ስለ ዋጋው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ላሜራው፣ ቱቦላሬው፣ ኤሌክትሮዱ፣ ኩሽኔታው፣ ጎማው፣ ያልጨመረ ነገር የለም። ሠራተኞቻችንም ቤት ኪራይ ጨምሮባቸዋል። አንዳቸውንም አላሰናበትንም። መብራት ሲጠፋ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለን ደመወዝ የምንከፍልበት ጊዜ አለ። ይህን ደንበኛ አያየውም፣ ማየትም የለበትም። ግን «ስግብግብ ሆኑ» ሲባል ያማል።

ይህ ቤት በርና መስኮት በመበየድ ነው የጀመረው። የመጀመሪያውን ተሳቢ ከአሮጌ መኪና አክሰል አውጥተን ለአንድ የመንዝ በግ ነጋዴ ሠራንላቸው። ያኔ ብረት መግዣ አልነበረኝም፤ ቀብድ ሰጥታችሁ ያቆማችሁኝ እናንተ ናችሁ። ያንን አልረሳም። ርካሽ አገኘሁ ብሎ ሌላ ቤት የሚሄድ ደንበኛ ካለም አልቀየምም። እሺ፣ ትንሽ እቀየማለሁ። ቢሆንም ፍሬኑን ሳያይ እንዳይገዛ አደራ እለዋለሁ።

ከጭማሪው በፊት ቀብድ የከፈላችሁ አዲሱን ተሳቢ በድሮው ዋጋ ትወስዳላችሁ። ካልፈለጋችሁም ቀብዳችሁ ሙሉውን ይመለሳል። ከእኛ የገዛችሁት ነጠላ አክሰል ያላችሁ ደግሞ ከፋሲካ በፊት አምጡልን። ፍሬን እንገጥምለታለን፤ የዕቃውን ትከፍላላችሁ፣ የእጅ አንጠይቅም። ቅዳሜ በገበያው ምክንያት ግቢው ስለሚጨናነቅ በሌላ ቀን በጠዋት ብትመጡ ቶሎ እናስተናግዳችኋለን።

አክባሪያችሁ፣
የብየዳ ቤቱ ባለቤት
ደብረ ብርሃን