አስቀድሞ የጉድጓዱ ውሃ ይመርመር

ክቡር አዘጋጅ፦

በሶማሌ ክልል ስላለው የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ገቢው ነው። እኔ ግን በነዳጅ ፍሳሽ የተበከለችው የናይጄሪያዋ ኦጎኒላንድ ከዓይኔ አልጠፋ ብላለች። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በዚያው በኦጎኒላንድ ባለችው በኒሲሲኦከን ኦጋሌ የከርሰ ምድር ውሃ ላይ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ነዳጅ ተንሳፎ ተገኝቷል። ቤንዚን የተሰኘው ካንሰር አምጪ ኬሚካል (የመኪናው ነዳጅ ማለቴ አይደለም) ሰው በሚጠጣው ውሃ ውስጥ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ልክ ከ900 እጥፍ በላይ ነበር። እናቶች ይህንኑ ቀድተው ለልጆቻቸው ያጠጡ ነበር! ጽዳቱ ከ25 እስከ 30 ዓመት እንደሚፈጅም ተገምቷል።

በሶማሌ ክልል አርብቶ አደሩና ግመሉ ብዙ ጊዜ የሚጠጡት ከአንድ ጉድጓድ ነው። የሚመለከታቸው አካላት በካሉብ ዙሪያ ያለውን ውሃ በገለልተኛ ላቦራቶሪ ያስመርምሩ፤ ውጤቱንም ለነዋሪው በሶማሊኛ ያንብቡለት።

አንድ አንባቢ፣ ከድሬዳዋ