ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ፍሬኑን እርገጡት

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

31 ዓመት ጋራዥ ውስጥ ሠርቻለሁ። ጋዜጣችሁን ስገልጥ ዛሬም መጀመሪያ የማነበው የመኪና ሽያጩን ገጽ ነው። «ቀለሙ አዲስ፣ ሞተሩ ንጹሕ፣ ለሠርግ የሚሆን» ይላል። ስለ ፍሬን አንድም ቃል የለም።

የእህቴ ልጅ ባለፈው ጥቅምት ጣሪያው የሚከፈት ቮልስ ሊገዛ ተነሣ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። እዚህ ባሕር ዳር ጥር ሲገባ ሙሽሮቹን በክፍት መኪና በጣና ዳር ማዞር የሚፈልግ ብዙ ነው። መኪናዋ በፈረንጅ የ1965 ሥሪት ናት። ነጭ፣ ወንበሯ ቀይ። ቀብዱን ኪሱ ውስጥ ይዞ «ጋሼ፣ መጥተህ እያት ብቻ» አለኝ።

ሞተሩን ሳላስነሣ ፍሬኑን ረገጥኩት። የዚያ ዘመን ቮልስ ፍሬን በእግር ጉልበት ብቻ ነው የሚሠራው፤ ሞተር ጠፋ ተነሣ ለውጥ የለውም። የመጀመሪያው እርግጫ ወለሉ ድረስ ወረደ። ሁለተኛው መሃል ላይ ያዘ። «ይኸው ያዘ እኮ ፋዘር» አለ ሻጩ። እግሬን ሳላነሣ ቆየሁ። ፔዳሉ ቀስ እያለ ሰጠመ። የትም የፈሰሰ ዘይት ሳይኖር እንዲህ ከሰጠመ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው የዋናው ፓምፓ የውስጥ ላስቲክ አልቋል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የዚያች መኪና የፍሬን ዘይት የሚሄደው በአንድ መስመር ነው። አንዲት ቱቦ ከፈነዳች የአራቱም ጎማ ፍሬን አብሮ ይሄዳል። የሚቀረው የእጅ ፍሬንና ማርሽ ነው። ሠርግ ላይ ደግሞ ካሜራማኑ ከመኪናው ፊት የኋሊት ነው የሚሄደው። ሕፃናቱም ከጎን ከጎን ይሮጣሉ።

ምንጣፉን ገለጥኩ። ጣሪያው ጨርቅ ስለሆነ ክረምት ውኃ ያስገባል፤ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው የብረት ቱቦ ደግሞ ወለሉን ተከትሎ ነው የሚያልፈው። ስነካው ዝገቱ እጄ ላይ ተፈረፈረ። ዘይቱም ቡና መስሏል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ውኃ የጠጣ ዘይት ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላል፤ ያኔ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ሲወርዱ ይህ ቢደርስ አስቡት።

እሷን መንገድ ላይ አላወጣኋትም። ፔዳሉ ደህና ቢሆን ግን ሜዳና ጭር ያለ መንገድ ላይ በ30 እየነዳሁ፣ መሪውን ላላ አድርጌ እይዝና እረግጥ ነበር። ወደ አንድ ጎን ከጎተተ አንዱ ጎማ እኩል አይይዝም። ወርጄ አራቱንም ቸርኬ በእጄ አያለሁ፤ ከሌሎቹ ለይቶ የሚያቃጥል ካለ ፍሬኑ አልለቅ ብሏል። ዘይቱን ወደ ጎማው የሚያደርሰው የላስቲክ ቱቦ ሲያረጅ ከውስጥ ያብጥና ዘይቱን አይመልስም፣ ከውጭ ግን ደህና ይመስላል። ለእጅ ፍሬኑ የቤዛዊት ዳገት ይበቃል፤ እዚያ ስቤው መኪናው ከቆመ ይይዛል ማለት ነው።

ልጁ በጣም አዘነ። ቀለሟን ወዷት ነበር። ሻጩ ፓምፓውንና ቱቦዎቹን በሙሉ ካስቀየረ ተመልሰን እናያታለን ብለናል። ቀብዱ እስካሁን ቤት ነው።

እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። የአሮጌ መኪና ማስታወቂያ ስትቀበሉ ፍሬኑ መቼ እንደታደሰ ጠይቁልን፤ ከቀለሙ ጎን አንድ መስመር ይጻፍ።

ጡረተኛ መካኒክ
ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ