ቀዩን ጀልባ አላዝዘውም

ይድረስ ለወንድሜ፣ ደሴ

አሰላሙ አለይኩም። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ሥራው ደህና፣ ቤቱም ደህና፣ የሚዙሪም ብርድ እየለቀቀን ነው። ስለ እኔ ይኸው አለቀ። ሁለት ወር ድምፄን ያጠፋሁት ገንዘብ ሰስቼ እንዳይመስላችሁ። ትናንት ልኬያለሁ፤ ሁለት ቦታ የከፈልኩት ሆን ብዬ ነው። አንዱ የእህታችን የሠርግ ነው፣ ከጀልባው ጋር እንዳታደባልቀው። ዝም ያልኩት በቴሌግራም የላክህልኝን ያንን የሚያብረቀርቅ ቀይ ጀልባ አይቼ እሺ ማለት ስላቃተኝ፣ እምቢ ለማለትም ስላልደፈርኩ ነው። የማዘዣው ወረቀት ፊቴ ነው፣ አልፈረምኩም። ምክንያቱን ለዓሣ አስጋሪ ማኅበራችሁ አባላት ሁሉ አንብብላቸው፣ ከዚያ ይቆጡኝ።

የላክኸው ባስ ጀልባ ይባላል። ባስ የሚባለው የዚህ አገር ዓሣ በዘንግ ስለሚጠመድ ጀልባው የተሠራው ለእሱ ነው። ከፊትም ከኋላም ከፍ ያለ ዝርግ መቆሚያ አለው፣ ጎኑ ዝቅ ያለ ነው፣ ሆዱ በሙሉ የዘንግ ማስቀመጫ ሳጥን ነው። እናንተ አጠገብ ባለው በሐይቅ ውሃ ውስጥ ያለው ግን ቆሮሶና አምባዛ ነው፤ እናንተም የምትሠሩት በመረብ ነው። መረብ ደግሞ ጉጥ አይወድም። በዚያ ጀልባ ላይ ወንበሩ፣ የገመድ ማሰሪያው፣ የሳጥኑ እጀታ፣ ሁሉም መረብ ይይዛል። ቆሞ መረብ የሚስብ ሰውም ጉልበቱን የሚደግፍበት ጎን ያጣል።

ሞተሩስ? ፎቶው ላይ ያለው 250 የፈረስ ጉልበት ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ሙሉ ነዳጅ ሲሰጡት በሰዓት ወደ 90 ሊትር ቤንዚን ይጠጣል። ለቤንዚን ወረፋ ጀሪካን ይዞ ያደረ ሰው ይህን ቁጥር ሲያነብ ምን እንደሚል አንተ ታውቃለህ። በዚያ ላይ ሐይቁ ርዝመቱ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያ ጀልባ በሰዓት ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። አራት ደቂቃ ሳይሞላ ውሃው አልቆ ፊላው ውስጥ ትገባላችሁ።

ቁርጡን የሚናገረው ግን ጀልባው ተጭኖ የሚመጣበት የኮንቴይነሩ በር ነው። የበሩ ስፋት 2.34 ሜትር ነው። የቀዩ ጀልባ ወገብ 2.41 ሜትር። ሰባት ሳንቲም! በሰባት ሳንቲም ምክንያት በክፍት መድረክ ይጫን ከተባለ የማጓጓዣው ዋጋ ሌላ ታሪክ ነው።

ስለዚህ የመረጥኩት 17 ጫማ የአልሙኒየም ጀልባ ነው፣ 5.18 ሜትር ማለት ነው። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ውስጡ 5.9 ሜትር ስለሆነ ሞተሩ በሳጥን ለብቻው፣ ጀልባው መኪና ኋላ የሚጎተትበት የተጎታቹ ምላስ (ከፊት የሚወጣው ብረት) ተፈትቶ ይገባል። ለዚህ ስል ተጎታቹ በብየዳ የተያያዘ ሳይሆን በብሎን የሚፈታ እንዲሆን አስጽፌያለሁ። የቀዩ ጀልባ ፋይበር ግላስ ያምራል፣ አልክድም። ግን ድንጋይ ሲነካው ይሰነጠቃል፣ ለመጠገን ሬዚንና እጁ የለመደ ሰው ይፈልጋል። አልሙኒየም ይጎደጎዳል እንጂ ቶሎ አይቀደድም፤ ቢቀደድም በአርጎን የሚበይድ ሰው ኮምቦልቻ አይጠፋም። ቆርቆሮው በብየዳ የተያያዘውን በሪቬት (በተመታ ምስማር) ከተያያዘው አስበልጫለሁ፤ ሪቬት ከዓመታት ንዝረት በኋላ ይላላና ውሃ ያስገባል፣ እያንዳንዱን እየፈለጉ ማጥበቅ ጣጣ ነው። የቆርቆሮው ውፍረት 2.5 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ባለ 2 ሚሊውን ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትመኙት። ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳም ውስጡ ጣውላ እንዳይሆን ጠይቄያለሁ። ጣውላ በብሎን ቀዳዳ ውሃ ይጠጣል፣ ከውጭ ሳይታወቅ ይበሰብሳል።

አሁን ቆም በል፣ ስለ እማዬ ልጠይቅህ። አራት ቀን ሆስፒታል መተኛቷን ከእናንተ አልሰማሁም። የሰፈር ሰው "እግዜር ይማርላችሁ" ብሎ ሲጽፍልኝ ነው ያወቅሁት። "አንቺን ላለማስጨነቅ ብለን ነው" እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ እኔም ለናንተ እንደዚያው ስለማደርግ ብዙ መቆጣት አልችልም። ግን አታድርጉት። የእግሯ ቁስል ምን ደረሰ? የደሴ ብርድ ሲጠና እግሯን ከከሰሉ ምድጃ ጋር እንዳታስጠጋ፤ ስኳር ያደነዘዘው እግር ማቃጠሉን አይነግራትም። ሙቅ ውሃም እንዳትዘፈዝፍበት። በየማታው የእግሯን ታች አንተ ራስህ እየው፣ ጣቶቿ መሃል ጭምር። "ምንም የለኝም" ስትል አትመናት። የመርፌዋንና የኪኒኗን ሰዓት ትንሿ ትይዝላት ነበር፤ እሷ ካገባች በኋላ ማን ሊይዝላት ነው? ይህን ማታ ማታ አስበዋለሁ፣ ቀን ቀን ግን ሥራ አለ።

ወደ ሞተሩ ልመለስ። 60 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ አራት ምት፣ በካርቡራቶሪ ሳይሆን በኢንጀክሽን የሚሠራ። ለምን 60? የሐይቅ ውሃ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ ጉልበት ያጣል፤ እዚያ ሲደርስ አንድ አምስተኛው ሄዷል ማለት ነው። 60 ብለን የከፈልንበት 48 ሆኖ ይሠራል፤ 40 ብንገዛ 32 ይሆን ነበር፣ ያ ደግሞ አምስት ሰውና እርጥብ መረብ ጭኖ ከውሃው አይነሳም። ኢንጀክሽን የጠፋውን ጉልበት አይመልስም፣ ግን ቤንዚኑን ከአየሩ ጋር ራሱ ያመጣጥናል። ካርቡራቶሪ ለባሕር ጠለል እንደተስተካከለ ከመጣ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ይጨሳል፣ ካንዴላ ያጠቁራል።

በዚሁ ምክንያት ፕሮፔለሩን እንደመጣ አንቀበልም። ፒች ማለት ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋበት ርቀት በኢንች ነው፤ ፋብሪካው ባለ 13 ፒች ቢያስርበት እኛ ባለ 11 ፒች ሌላ እንገዛለን፣ 13ቱ መጠባበቂያ ይሆናል። መለኪያው ቀላል ነው። ጀልባው እንደ ሁልጊዜው ተጭኖ ሙሉ ነዳጅ ስትሰጠው ሞተሩ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር ውስጥ መግባት አለበት። 5,000 ካልደረሰ ታንቋል፤ እንዲህ እያለ ቢሠራ ውስጡ ይጎዳል። አንድ ፒች ስትቀንስ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል። አልሙኒየም ፕሮፔለር ይበቃናል። አይዝጌው ብረት ፈጣን ነው፣ ግን ድንጋይ ሲመታ ራሱ ይተርፍና ጉዳቱን ወደ ሞተሩ ማርሽ ጥርሶች ያስተላልፋል።

የሞተሩ እግር ርዝመት ከኋላው ግድግዳ ቁመት ጋር አንድ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፤ ሁለቱም 20 ኢንች ናቸው። ካጠረ ፕሮፔለሩ አየር ይስባል፣ ከረዘመ ውሃውን እየጎተተ ቤንዚን ይበላል። ያማሃ ጽፌያለሁ፤ ከመፈረሜ በፊት ግን ባሕር ዳር ያሉ ባለጀልባዎች ጋ ደውልና የየትኛው ሞተር መለዋወጫ በቀላሉ እንደሚገኝ ጠይቅ። ሌላ ስም ከነገሩህ እሱን እንይዛለን። በስም አልጨቃጨቅም።

የሰረዝኩትን ስታይ እንዳታኮርፍ። የሃይድሮሊክ መሪ ሰርዣለሁ፤ ለ60 ጉልበት የኬብል መሪ ይበቃል፣ ሲበላሽም መካኒክ ይገባዋል። ምንጣፉን ሰርዤ ቪኒል አድርጌያለሁ፤ ምንጣፍ ላይ የዓሣ ደም ከገባ አይወጣም። አብረቅራቂው ቀለም፣ ሙዚቃው፣ የታች መብራቱ ቀርቷል። የጥልቀት ማሳያው ላይ የሐይቆች ካርታ ካርድ ግዙ ይላሉ። ካርዱ የአሜሪካን ሐይቆች ነው የያዘው። ይልቅ ክዊክድሮው የሚባለው የጋርሚን ካርታ መሳያ ያለበትን መሣሪያ መርጫለሁ፤ እናንተ ስትመላለሱ የሐይቁን ወለል እየሳለ ያስቀምጣል። መሃሉ ከ80 ሜትር በላይ ስለሚጠልቅ መልሕቅ የምትጥሉት ዳር ዳሩን ነው።

አማራጭ ዕቃ ላይ የጨከንኩት በቀረጡ ነው። ጉምሩክ የሚያሰላው በዕቃው ዋጋ፣ በመድኑና በማጓጓዣው ድምር ላይ ስለሆነ እዚህ የጨመርኩት እያንዳንዱ ጌጥ እዚያ እንደገና ያስከፍላል፤ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ብቻ 15 በመቶ ነው። ትራንዚተሩን ዛሬውኑ አናግረው። በጉምሩክ የዕቃ መለያ ቁጥር የመዝናኛ ጀልባ በ8903፣ የዓሣ ማስገሪያ ጀልባ በ8902 ነው የሚመደበው። የእኛ ወዴት እንደሚገባ ደረሰኙ ሳይጻፍ ይንገረን፤ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ከደረሰ በኋላ መከራከር ዕቃውን ማሳደር ነው።

ያልሰረዝኩት አለ። ከፊት የሚታሰር የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ባለ 24 ቮልት። ስሌቱ ለእያንዳንዱ 100 ፓውንድ ክብደት 2 ፓውንድ ግፊት ነው። ጀልባው ከነሰውና ጭነቱ ወደ 2,300 ፓውንድ ስለሚሆን 46 ይበቃዋል፤ ለነፋስ ብዬ 70 አደረግሁት። ከፍታ አይነካውም፣ ድምፅም የለውም። በእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ስታልፉ ትልቁን አጥፉና በእሱ ሂዱ፣ አባቶቹን አትረብሹ። የባትሪው ቻርጀር ግን 220 ቮልት መቀበሉ ሳይረጋገጥ እንዳይጫን ብያለሁ፤ የዚህ አገሩ መብራት 120 ነው፣ ያን ብትሰኩት በመጀመሪያው ማታ ይቃጠላል።

ተጎታቹ ፍሬን አለው። እሱን እንድቀንስ አትለምነኝ። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቶ፣ ደሴን አልፎ፣ ወደ ሐይቅ የሚወርድ ጭነት ያለ ፍሬን መኪናውን ከኋላ ይገፋዋል። ኩሽኔታውን ወደ ውሃ ከመግባቱ በፊት ግራሶ ሙሉበት፤ ሞቆ ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ውሃ ወደ ውስጥ ይስባልና ይዝጋል። የመጎተቻውን ኳስ ከእዚሁ እልካለሁ፣ የዚህ አገሩ ልኬት 2 ኢንች ነው፣ ከእናንተው ባለ 50 ሚሊ ሜትር ጋር ሊላላ ይችላል።

ከጀልባው ጋር በአንድ ሳጥን ውስጥ የውሃ ፓምፑ ጎማ ሁለት፣ ካንዴላ፣ የቤንዚን ፊልትሮ ውሃ የሚለየው ዓይነት ስድስት፣ የማርሽ ዘይት ይመጣል። በጀሪካን የተቀመጠ ቤንዚን ውሃ አያጣም፣ ፊልትሮውን አትዝለሉት። የመጀመሪያውን 10 ሰዓት ሞተሩን አታስጨንቁት፣ በ20 ሰዓት ዘይት ቀይሩ።

የጀልባው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሰሌዳ ታያለህ። ስንት ሰው፣ ስንት ክብደት እንደሚችል ይናገራል። የእኛ አምስት ሰው ይላል። እናንተ ስድስት ናችሁ። አንዱ በየተራ ዳር ይቀራል እንጂ "ትንሽ ነው፣ ይችላል" አይባልም። የሕይወት ጃኬት ስምንት ገዝቻለሁ፣ ሁለቱ የልጅ ናቸው።

እህታችንን በጀልባ ሙሽራ አድርገን ፎቶ እናንሳት ያልከውን አንብቤ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ። አይደርስም፤ ትዕዛዙ ራሱ ወራት ይፈልጋል፣ ከዚያ መርከቡ አለ። ኒካሑን በጀልባ ምክንያት አንድ ቀን እንዳታዘገዩት። የኮምቦልቻው ልጅ ሽማግሌ ልኮ፣ እማዬም ወዳው፣ ምን ቀረ? ሐረጎን ወርዳ እንደሆነ ሩቅ አይደለም፤ እኔን ነው ሩቅ ያደረገኝ። በዚያን ጠዋት ቡናው ሲቆላ ስልኩን ክፈትልኝ፣ አታናግረኝ፣ ሴቶቹ ሲያዜሙ ብቻ ልስማ። ጀልባው ሲመጣም ትውጣበት፣ በቀሚሷ ላይ ጃኬቱን ለብሳ። ታስቃለች፤ ትሳቅ።

አሁን ሁለት ነገር ለክተህ ላክልኝ። አንዱ የግቢያችን በር ስፋት ነው፣ ተጎታቹ ማደር ካለበት፤ ከማዕዘን ማዕዘን ሳይሆን በሩ ሲከፈት የሚተወውን ክፍተት ለካ። ሌላው የእማዬ እግር። ነጭ ወረቀት ላይ አቁማትና በእርሳስ ዙሪያውን ሥራ፣ ሁለቱንም እግር፣ ማታ ላይ፣ ቀን ውላ ሲያብጥ። ጠዋት የተለካ ጫማ ማታ ይጠባታል።

እህትህ