«ወላጅ አምጣ» ከማለታችን በፊት

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች

የተማሪዎች ጠብና ድብድብ በተነሳ ቁጥር «ቅጣቱ ይጠንክር» ሲባል እሰማለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ሰባተኛ ክፍል የማስተምር መምህር ነኝ፤ እኛ የምንደርሰው ጠቡ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ቅጣቱ ቢጠነክርም የሚከላከለው ነገር የለም ባይ ነኝ።

ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪዬ አጠገቡ የሚቀመጠውን ልጅ እጅ በኮምፓስ ወጋ። እንደተለመደው ወላጅ እንዲያመጣ ተላከ። በማግስቱ እናቱ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና፣ ነገሩን ሰምተው ሳይጨርሱ እዚያው ቢሮው በር ላይ በጥፊ መቱት። ልጁ አላለቀሰም፤ ጉንጩንም አልዳሰሰም።

ምክንያቱን ያወቅሁት ከሳምንት በኋላ፣ በእረፍት ሰዓት ለብቻዋ ካነጋገርኳት የክፍሉ ተማሪ ነው። እናቱ እንጀራ ጋግረው ስለሚሸጡ ልጆቹ ከመስከረም ጀምሮ «ምጣድ» ይሉት ኖሯል፤ ደብተሩ ላይ ምጣድ ይስሉበታል፣ ሰልፍ ላይ ከኋላው ቆመው «ጭስ ጭስ ሸተተን» ይላሉ። ይህን የክፍሉ ልጆች በሙሉ ሲያውቁ የክፍሉ ኃላፊ የሆንኩት እኔ አላውቅም ነበር። ለምን እንዳልነገሩኝ ብጠይቅ «ቲቸር፣ ከተናገርን ሁላችንም እንገረፋለን» አሉኝ። ይህ መልስ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ቢደነግግም፣ ኩርኩሙና ማንበርከኩ ከብዙ ክፍሎች አልወጣም። የክፍል አለቃው የ«ረባሾችን» ስም ሰሌዳ ላይ ጽፎ መምህሩ ገብቶ ሲገርፍ ያደገ ልጅ፣ ለመምህር መናገርን ጓደኛን ከማስመታት ለይቶ አያየውም፤ ስለዚህ ዝም ብሎ ያያል፣ አንዳንዴም አብሮ ይስቃል። በፊንላንድ የቱርኩ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ኪቫ የተባለው፣ ተማሪዎች እርስ በርስ የሚያደርሱትን ጥቃት ለመከላከል የተነደፈ ፕሮግራም ልቤን የነካው በዚህ ምክንያት ነው። ከአጥቂውና ከተጠቂው ባሻገር ዳር ቆመው ለሚያዩት ልጆች ትልቅ ቦታ ይሰጣል፤ የሚስቅለት ሲጠፋ አጥቂው ከማጥቃቱ የሚያገኘው ክብር ይቀንሳልና።

እኔ ዘንድሮ የረባሾችን ዝርዝር ማስጻፍ ትቻለሁ፤ በእረፍት ሰዓትም መምህር በማይደርስበት በመጸዳጃ ቤቱ በኩል እቆማለሁ። የአንድ መምህር ጥረት ግን በሁለት ፈረቃ የሚመጡትን ልጆች ሁሉ አያዳርስም። ስለሆነም ትምህርት ቢሮ ለየትምህርት ቤቱ የሥነ ልቦና አማካሪ እንዲመድብ፣ እስከዚያው ደግሞ የወላጅ መጥሪያ ከመጻፉ በፊት የክፍሉ ኃላፊ መምህር ልጁን ለብቻው ቁጭ አድርጎ የማነጋገር ግዴታ እንዲኖርበት እጠይቃለሁ።

አንድ መምህር
ከአዲስ አበባ