የአባቴ 30 ሰከንድ የት ነው ያለችው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሰሞን ስለ ድሮ ዘፈኖች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ሸክላዎቹ ከየሳጥኑ ተፈልገው፣ አቧራቸው ተራግፎ እንደገና ለጆሮ መብቃታቸው ደስ ይላል። ግን ሳነብ አንድ ነገር ቆጨኝ። ዘፈን ጠያቂ አለው። ድራማም አለው። ለድሮ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ግን ማን ይጠይቅለታል? የራሴ ጉዳይ ስላለኝ ነው እንዲህ የምለው። እመጣበታለሁ።

እኔ አንድ ቻናል ባለበት ዘመን ያደግኩ ሰው ነኝ። ቴሌቪዥናችን እግር ያለው፣ በር ያለው፣ በሩም ቁልፍ ያለው ነበር። ቁልፉ እናቴ መቀነት ላይ ይታሰራል። ከላዩ ዳንቴል፣ ከዳንቴሉ በላይ የፕላስቲክ አበባ። አንቴናው ጣሪያ ላይ ነው። ነፋስ በመጣ ቁጥር ከእኛ አንዱ ይወጣና «መጣ?» ይላል። ከታች ሁላችንም «አልመጣም!» እንላለን። «ትንሽ ወደ ግራ... አለፍክ... አሁን መጣ! እንዳትነካው!» ልጁ ግን እጁን ሲያነሳ ምስሉም አብሮ ይሄዳል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ስቱዲዮው ለረጅም ዘመን ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ቀለም የመጣው ደግሞ በ1977፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር ነው። ለሀገር መጣ ማለቴ እንጂ ለእኛ ቤት አልመጣም። እኛ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ጥቁርና ነጭ ነው ያየነው። የግድግዳ ቀለም ማስታወቂያ በጥቁርና ነጭ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰውዬው «ልዩ ልዩ ማራኪ ቀለማት» ይላል፤ እኛ ግራጫ፣ ደብዛዛ ግራጫና ጠቆር ያለ ግራጫ እናያለን። አባቴ በዚህ ሁልጊዜ ይስቅ ነበር።

ማስታወቂያዎቹ ጥሩ ነበሩ ወይ ብትሉኝ፣ አብዛኞቹ አልነበሩም። አንድ ፎቶ ይመጣል። ፎቶው ቆሞ ይቀራል። ከሥሩ የውጭ አገር ሙዚቃ፤ ከላዩ ደግሞ ያ የምናውቀው ወፍራም ድምፅ። ሳሙናውንም፣ ሲሚንቶውንም፣ የወፍጮ መለዋወጫውንም የሚያስተዋውቀው አንድ ሰው ነው። ስልኩ ሁለቴ ይነበባል፤ መጀመሪያ በፍጥነት፣ ቀጥሎ ቀስ ተብሎ፣ ሰው እስክሪብቶ እስኪፈልግ። በዚያ ላይ የፖስታ ሣጥን ቁጥር አለ። ለሶፋ ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ነበር እንዴ?

ደግሞስ «ማስታወቂያ» የምንለው ቃላችን ራሱ ሰፊ ነው። የሎሚ ሳሙናም ማስታወቂያ ነው፣ የጨረታም፣ የሥራም፣ የጠፋ ሰውም። የቸኮላት ማስታወቂያ አልቆ ከቤት እንደወጡ የቀሩ አዛውንት ፎቶ ይመጣል። ቤቱ ጸጥ ይላል። እናቴ ከንፈሯን ትመጥጣለች። ከዚያ የሎተሪ ዕጣ። ዛሬ አንዳንዱ እንዴት እንደዚያ ተደባልቆ ይቀርባል ይል ይሆናል። እኔ ግን የከተማው ኑሮ ራሱ እንደዚያው የተደባለቀ ስለነበር አይገርመኝም።

ከ1983 በኋላ ነጋዴው ሲነቃቃ ማስታወቂያውም ሕይወት ዘራ። ተዋናዮች ገቡበት፣ ቀልደኞች ገቡበት፣ ዜማ ተሠራለት። ሠራዊት ፍቅሬን ብዙዎቻችን ከመድረክ ይልቅ በማስታወቂያ ነው የለመድነው። የሰፈር ልጆች መዝሙር ከሚያጠኑ ማስታወቂያ ቢያጠኑ ይቀላቸው ነበር። የለስላሳ መጠጥ ሽልማት ሲነገር ቆርኪ ለቀማ በየሆቴሉ በራፍ እንውላለን፤ ከውስጡ ያለችውን ፕላስቲክ በጥፍራችን ልጠን ማየት ነው። እኔ አንድም ቀን ከ«እንደገና ይሞክሩ» ያለፈ ደርሶኝ አያውቅም።

ከሁሉ የማልረሳው የኮንዶም ማስታወቂያ ሲመጣ የቤታችን ሁኔታ ነው። ሕይወት ትረስት የሚለው ስም ገና ሲጠራ አባቴ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እናቴ ያላለቀ ቡና ልትቀዳ ትነሳለች። ታላቅ ወንድሜ የጫማውን ክር ይፈታና መልሶ ያስራል። እኔ ጣሪያ አያለሁ። ማንም ግን አይዘጋውም። ለመዝጋት መነሳት ራሱ ገብቶኛል ማለት ነዋ! ስለ ኤች አይ ቪ በቤታችን አፍ አውጥቶ የተናገረ ሰው ያ ማስታወቂያ ብቻ ነበር። በየሳምንቱ ለቅሶ በምንሄድበት ዘመን። ይህን ነገር ዛሬ ለልጆቼ በቃል ባወራው አይገባቸውም። ማስታወቂያውን ባሳያቸው ግን፣ ሰውየው እንዴት እየተጠነቀቀ እንደሚናገር ሰምተው የዘመኑን ፍርሃት ይገምቱት ነበር።

ዜናው የሚያሳየን ስብሰባ ነበር፤ የተደረደሩ ወንበሮች፣ የሚያጨበጭቡ ሰዎች። ሰው ምን ሶፋ ላይ እንደሚቀመጥ፣ ጸጉሩን እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚመኝ ያሳየን ማስታወቂያው ነው። አድራሻውንም ተመልከቱ። «ፒያሳ፣ ከእገሌ ፋርማሲ ጀርባ፣ ከእገሌ ኬክ ቤት ፊት ለፊት» ይል ነበር። ዛሬ ፋርማሲውም የለም፣ ኬክ ቤቱም የለም፣ ጀርባና ፊት ለፊቱም የለም። ስልኩም ባለ ስድስት አኃዝ ነበር፤ በ1998 ነው 011 የገባው። ስልክ ቁጥሩን አይቶ ብቻ ዘመኑን መገመት ይቻላል።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ።

አባቴ አናጢ ነበር። ወርክሾፑ ዶሮ ማነቂያ፣ ከአንድ ሥጋ ቤት ጎን ነበረች። ሶፋ፣ ቡፌ፣ ቁም ሳጥን ይሠራል። በ1986 ዓ.ም. ለፋሲካ ገበያ ማስታወቂያ አስነግራለሁ ብሎ ተነሳ። እናቴ «በዚህ ብር በግ አይገዛም?» አለችው። «በጉ ይበላና ያልቃል» አላት። ተሟገቱ። ሁለት ቀን ተኮራረፉ። በመጨረሻ ቀራጮቹ መጡ።

ቀረጻው ግማሽ ቀን ወሰደ። ታናሽ እህቴ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ መጽሔት እያነበበች ነው የምትመስለው። ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቴ፣ ያ ሁሉ ኩርፊያ ተረስቶ፣ ጸጉሯን ተሠርታ የቡና ረከቦት ይዛ ገባች። አባቴ ራሱ መታየት አልፈለገም። «ሰው ዕቃውን ይይ እንጂ እኔን ምን ያደርጋል?» ብሎ መላጊያውን ይዞ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። ካሜራማኑ ከኋላ ቀረጸው። ጀርባው፣ ትከሻው፣ የሚንቀሳቀስ ክርኑና የሚረግፈው ፍቅፋቂ ነው የሚታየው። ስልክ ስላልነበረን የጎረቤታችን ባለፋርማሲ የእሳቸውን ቁጥር እንድንጠቀም ፈቀዱልን። በኋላ ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት መድኃኒት ከጠየቀው ይልቅ ሶፋ የጠየቀው ደዋይ ይበዛ ነበር አሉ። ሰውየው ትዕግሥታቸው አለቀ፤ በመጨረሻ «ሶፋ የለም፣ አስፕሪን አለ» እያሉ መመለስ ጀመሩ።

ማስታወቂያው የሚተላለፈው ሦስት ምሽት፣ ከሁለት ሰዓት ዜና በኋላ ነበር። በመጀመሪያው ምሽት ሰፈሩ በሙሉ እኛ ቤት ገባ። መሬት ላይ የተቀመጠ አለ፣ መስኮት ላይ የተንጠለጠለ አለ። ዜናው አለቀ። መብራት ጠፋ። አባቴ በጨለማ ውስጥ «ይኸው፣ ታየ» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በማግሥቱ ግን አየነው። 30 ሰከንድ። እናቴ ራሷን ስታይ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አባቴ ምንም አላለም። ሲያልቅ ብቻ «ትከሻዬ ጎብጧል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

አባቴ በ2002 ዓ.ም. አረፈ። እናቴም ተከተለችው። በቤታችን ቪዲዮ ካሜራ አልነበረም። ሠርግም አልደገስን፣ ለክርስትናም ቀራጭ አልጠራን። ሰፈሩ ራሱ በ2016 ፈረሰ። እንግዲህ አባቴ ሲንቀሳቀስ የሚያሳይ በዚህ ዓለም ላይ ያለ አንድ ምስል ያቺ ማስታወቂያ ናት፤ ካለች።

ፈልጌያለሁ። ማስታወቂያውን የሠራውን ድርጅት ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ አገኘሁት። የተቀበለኝ ልጅ ትሑት ነው፤ ሻይም ጋበዘኝ። «ማዘር፣ ያኔ ካሴት ውድ ስለነበር ላዩ ላይ ሌላ ይቀርጹበት ነበር» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ማን ለአናጢ ማስታወቂያ ካሴት ያስቀምጣል? ሜሪላንድ የምትኖረው እህቴ ደግሞ ሌላ ተስፋ ሰጠችኝ። ያኔ አሜሪካ ያለ ዘመድ ሁሉ የበዓል ፕሮግራም በቪዲዮ ዴክ ተቀድቶ በሻንጣ ይላክለት ነበር። ቀጂው ማስታወቂያ ሲመጣ ሮጦ ካላቆመው ማስታወቂያውም አብሮ ይቀዳል። እህቴ በየዘመዱ ምድር ቤት ካሴት ስታገላብጥ ከረመች። የእኛን አላገኘችም። ግን የሌላ ሰው ሱቅ፣ የሌላ ሰው እናት፣ የሌላ ሰው ዳቦ ቤት አገኘች። ባለቤቶቹ መኖሩን አያውቁም ይሆናል።

ጊዜ ደግሞ የለንም። የካሴት ክር ይሻግታል፣ ይጣበቃል፣ ምስሉ እየሳሳ ይሄዳል። ማጫወቻውም እየጠፋ ነው። የቪኤችኤስ ዴክ በመሥራት የመጨረሻው የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ሥራውን ያቆመው በ2008 ዓ.ም. ነው። ያለውን ዴክ የሚጠግን ሰው ማግኘትም ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

ሌላው አገር ይህን ነገር ቀልድ አላደረገውም። ኮካኮላ እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. 20,000 ያህል የቴሌቪዥን ማስታወቂያዎቹን ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሰጥቷል። ጣሊያኖች ከ1957 እስከ 1977 በአውሮፓ አቆጣጠር በየምሽቱ «ካሮዜሎ» የሚባል የማስታወቂያ ዝግጅት ነበራቸው። ልጆች እሱን አይተው ነው የሚተኙት። ዛሬም ድረስ በፍቅር ያነሱታል። እኛ ዘንድ የታተመ መጽሐፍ ቅጂው ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ለወመዘክር ይገባል። የተቀረጸ ማስታወቂያስ? እኔ ብጠየቅ ወመዘክር ራሱ አንድ ክፍል ይስጠው ባይ ነኝ። ጣቢያዎቹ ያላቸውን፣ የማስታወቂያ ድርጅቶቹ የተረፋቸውን፣ እኛም በየአልጋችን ሥር ያለውን እናምጣ። ዓመቱ ይጻፍበት። ድምፁ የማን እንደሆነ ይጻፍበት፤ እነዚያ ድምፆች ስም የላቸውም እኮ!

ሁሉንም ይያዝ ስል የሚያሳፍረንንም ጨምሬ ነው። ልብስ የምታጥበው ሁልጊዜ ሴት፣ ሲሚንቶ የሚገዛው ሁልጊዜ ወንድ የሆነበትን። የቢራውንም። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ደግ አደረገ እላለሁ፤ ልጆቼ ከሀገራቸው ተራራ ጋር ሁልጊዜ ጠርሙስ ማየት አልነበረባቸውም። ሆኖም ያን ጊዜ ትልቁን ገንዘብና ምርጡን ካሜራ የያዘው ቢራ ነበር። ባህላዊ ጭፈራው፣ የገጠሩ መልክ፣ ምርጡ ቀረጻ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የወንድሜ ልጅ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። እነዚያን የቢራ ማስታወቂያዎች ከስልኳ ላይ እያየች «ደግ ዘመን ነበር» ትለኛለች። የዛሬ ስምንት ዓመት መሆኑ ነው! ሳቄን ዋጥኩት። እኔም በ1986 ስለነበረው ዘመን ስናገር እናቴ ሳቋን ትውጥ ነበር መሰለኝ።

አዘጋጁ ይህችን ደብዳቤ ካወጣችሁልኝ አንባቢዎቻችሁን አንድ ነገር ልለምን። በ1986 የፋሲካ ሰሞን ከቴሌቪዥን የተቀዳ ካሴት ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ሳትጥሉት አንዴ እዩልኝ። ማስታወቂያው ሲመጣ አታሳልፉት። ሶፋው አረንጓዴ ነው። ስልኩ የፋርማሲ ነው። ሶፋው ላይ የተቀመጠችው ልጅ መጽሔቱን የያዘችው ገልብጣ ነው።

አክባሪያችሁ
የአናጢው ልጅ
ከአዲስ አበባ